ጀግናን ማወደስ ወይስ ጀግናን ማንበብ?



ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት ከኛ መካከል አንዱ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች የአንድ ጀግና ታሪክ እንዲያስተምር ተመድቦ ነበር። የትምህርት ዕቅዱ ተዘጋጀ፤ ዓላማው በሦስት መስመር ተጻፈ፤ ሰሌዳውም በሁለት ተከፈለ። ጀግናው የተወለደበት ዘመን፣ የትውልድ ቦታው፣ የተዋጋባቸው ስፍራዎች፣ የሞተበት ቀን በየተራ ሰፈሩ። ተማሪዎቹ በዜማ ተቀበሉ። የቃል ጥያቄ ሲቀርብላቸውም አብዛኞቹ ሳይሳሳቱ መለሱ። ሊደወል ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ታዲያ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ሰውየው ተሳስቶ አያውቅም?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መምህሩ፣ ማለትም የኛው ሰው፣ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ከትምህርቱ አትውጪ፤ ተቀመጪ!» አላት። ተቀመጠች። ተደወለ። ከኋላ ሆኖ ሲከታተል የነበረው ገምጋሚም ጥሩ ነጥብ ሰጠን።

ነጥቡን በደስታ ተቀበልን። ጥያቄው ግን እስከ መኝታ ክፍላችን ድረስ ተከትሎን መጣ። ማታ ማታ ስንጨቃጨቅበት ሰነበትን። ገሚሶቻችን «የጀግና ታሪክ ለልጅ የሚነገረው አርአያ እንዲሆነው ነው፤ ጉድለቱን መዘርዘር ምን ይጠቅማል?» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ጥያቄ የማይጠየቅበት ታሪክ ውዳሴ እንጂ ታሪክ አይባልም» ብለን ተከራከርን። በዚህ መሐል አንድ ጓደኛችን የፊሊፒንስን ነገር አነሣ። እዚያ አገር የአንድን ጀግና ሕይወትና ድርሰቶች በትምህርት ቤት ማስተማር በሕግ ግዴታ ከሆነ ሰባ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እኛ በመኝታ ክፍል የጀመርነው ክርክር እዚያ በምክር ቤት፣ በቤተ ክርስቲያንና በዩኒቨርሲቲ ሲካሄድ ኖሯል። ብልህ ከሌላው ይማራል ይባላልና እስቲ የነሱን ልምድ እንመልከተው፤ ከዚያም የኛን አስተያየት እንሰጣለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሪዛል ማን ነበር?

ሆሴ ሪዛል ጁን 19 ቀን 1861 ዓ.ም. ከማኒላ በስተደቡብ በምትገኘው ካላምባ በተባለች ከተማ ተወለደ። ከአሥራ አንድ ልጆች ሰባተኛው ነበር። የመጀመሪያ አስተማሪው እናቱ ናት። ያን ጊዜ ፊሊፒንስ በስፔን አገዛዝ ሥር ከወደቀች ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። በየከተማው ከአገረ ገዢው ይልቅ የሚፈራው ከስፔን የመጣው መነኩሴ ነበር። ሰፋፊው የእርሻ መሬት በመነኮሳቱ ማኅበራት እጅ ነው፤ ትምህርት ቤቱን የሚቆጣጠረውም መነኩሴው ነው።

ሪዛል በማኒላ ከተማረ በኋላ በ1882 ወደ ስፔን ተሻግሮ በማድሪድ ሕክምና አጠና። በፓሪስና በሃይደልበርግ ከታወቁ ሐኪሞች ዘንድ የዐይን ሕክምና ተማረ። ከዚሁ ጋር ይጽፍ ነበር። የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ኖሊ ሜ ታንጌሬ» በ1887 በበርሊን ታተመ። የማሳተሚያ ገንዘብ አጥቶ በተቸገረበት ሰዓት አንድ ጓደኛው አበድሮት 2,000 ቅጂ ለመታተም በቃ። ርእሱ በላቲን «አትንኪኝ» ማለት ሲሆን ከዮሐንስ ወንጌል የተወሰደ ቃል ነው። ሁለተኛው «ኤል ፊሊቡስቴሪስሞ» ደግሞ በ1891 በቤልጅግ አገር በጌንት ከተማ ታተመ። ይህም «አድመኝነት» እንደማለት ነው። ይህን ሁለተኛውን መጽሐፍ ሪዛል መታሰቢያነቱን የሰጠው በ1872 በስፔን አገዛዝ በአደባባይ ለተገደሉ ሦስት ፊሊፒናውያን ቀሳውስት ነው።

ሁለቱም መጽሐፎች የአገዛዙንና የመነኮሳቱን ግፍ፣ የፍርድ ቤቱን አድልዎ፣ የባላገሩንም ዝምታ ገልጠው ያሳያሉ። በ1887 የማኒላ የሳንሱር ኮሚሲዮን የመጀመሪያው መጽሐፍ ወደ አገር እንዳይገባ፣ እንዳይሸጥም ሐሳብ አቀረበ። መጽሐፉ ግን በድብቅ ገባ፤ ከእጅ ወደ እጅም ተላለፈ።

ሪዛል በ1892 ወደ አገሩ ተመልሶ ሰላማዊ ማኅበር ባቋቋመ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተያዘና በሚንዳናኦ ደሴት ወደምትገኘው ዳፒታን ተጋዘ። አራት ዓመት በግዞት ቆየ። በኦገስት 1896 በአንድሬስ ቦኒፋሲዮ የሚመራው ካቲፑናን የተባለው የምሥጢር ማኅበር መሣሪያ አንሥቶ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ሪዛል በገዛ ፈቃዱ በኩባ በሐኪምነት ሊያገለግል ለጉዞ ተነሥቶ ነበር። ከመንገድ ተይዞ ተመለሰ። በወታደራዊ ችሎት ፊት ቀረበ፤ ዲሴምበር 30 ቀን 1896 ማለዳ በማኒላ ባጉምባያን በተባለው ሜዳ በጥይት ተደብድቦ ሞተ። ዕድሜው 35 ነበር።

እንግዲህ ልብ እንበል። የተከሰሰው አመፅ አነሣሥቷል፣ ሕገ ወጥ ማኅበር መሥርቷል ተብሎ ነው። በእጁ የነበረው መሣሪያ ግን ብዕር ነው። የጦር ጀግና ከሞተ በኋላ ውጊያውን መልሰን ማየት አንችልም፤ በወሬና በሥዕል እናስበዋለን። የብዕር ጀግና ግን ሥራው እንዳለ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ማንም ገልጦ «እስቲ ምን አልክ?» ሊለው ይችላል።

የ1956ቱ ሕግ

ጁን 12 ቀን 1956 ፕሬዚዳንት ራሞን ማግሳይሳይ ሪፑብሊካዊ ሕግ ቁጥር 1425 የተባለውን ሕግ ፈረሙ። ሕዝቡ በአጭሩ «የሪዛል ሕግ» ይለዋል። የሐሳቡ ጠንሳሽ ሴናተር ክላሮ ሬክቶ ሲሆኑ በምክር ቤት ይዘው የተሟገቱለት ደግሞ የትምህርት ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሴናተር ሆሴ ላውሬል ናቸው። ሕጉ በመንግሥትም ሆነ በግል ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሪዛል ሕይወት፣ ሥራዎችና ጽሑፎች፣ በተለይም ሁለቱ ልብ ወለዶች እንዲጠኑ ያዛል። በኮሌጅ ደረጃ የሚነበበው ምንም ያልተቆረጠው ቅጂ መሆን አለበት። ቤተ መጻሕፍት በቂ ቅጂ እንዲይዙ፣ መጽሐፎቹ በእንግሊዝኛ፣ በታጋሎግና በሌሎቹ ዋና ዋና ቋንቋዎች ተተርጉመው በርካሽ እንዲታተሙ፣ በየመንደሩም በነፃ እንዲታደሉ ይደነግጋል። ለዚህም 300,000 ፔሶ ተመደበ።

ይህ ሁሉ ያለ ጭቅጭቅ አልሆነም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባቶች አጥብቀው ተቃወሙ። ልብ ወለዶቹ የሃይማኖትን ትምህርት የሚነቅፉ ክፍሎች ስላሏቸው አማኝ ተማሪን አንብብ ብሎ ማስገደድ ኅሊናውን መጫን ነው አሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው የአገሪቱን ብሔራዊ ስሜት የቀሰቀሰውን ሰው ቆራርጦ ማስተማር አለማስተማር ነው ብለው መለሱ። በመጨረሻ መካከለኛ መንገድ ተገኘ። በሃይማኖቱ ምክንያት ያልተቆረጠውን መጽሐፍ ማንበብ የማይፈልግ ተማሪ በጽሑፍ ቃለ መሐላ ሰጥቶ ከንባቡ ነፃ እንዲሆን ተፈቀደለት፤ ከትምህርቱ ግን ነፃ አይሆንም።

በኛ አስተያየት የሁለቱም ወገን ሥጋት ተገቢ ነበር። አንድን ሰው ይህን ውደድ ብሎ በሕግ ማዘዝ አይቻልም። ቢሆንም ሕጉ ያዘዘው ፍቅርን አይደለም፤ ንባብን ነው። በዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር አለ። የሀብታም ልጅ መጽሐፉን ገዝቶ ማንበብ ይችላል። የገበሬ ልጅ መጽሐፉን የሚያገኘው ግን ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ርካሹ ቅጂ የሚናገሩት አንቀጾች ብዙ ጊዜ አይወሱም። እኛ ግን ከሕጉ ሁሉ የሚበልጡት እነሱ ይመስሉናል።

ደግሞስ አንድ ነገር አይደንቅም? ያን ጊዜ መጽሐፉን የሚደግፉትም የሚፈሩትም በአንድ ነገር ይስማሙ ነበር። ሁለቱም ቢነበብ አንባቢውን ይለውጣል ብለው ያምኑ ነበር። እውነተኛው ችግር የመጣው በኋላ ነው፤ መጽሐፉ በሰላም ክፍል ውስጥ ከገባ በኋላ።

መጽሐፉ ክፍል ከገባ በኋላ

ከ2010ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፊሊፒንስ ሥርዓተ ትምህርት «ኖሊ» በ9ኛ ክፍል፣ «ፊሊ» ደግሞ በ10ኛ ክፍል እንዲማሩት ተደርጓል። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም ስለ ሪዛል ሕይወትና ሥራዎች ራሱን የቻለ ትምህርት ይወስዳሉ። እንዲያው በደፈናው ሲታይ ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? ነገር ግን ሕጉ ከወጣ ከ38 ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ፕሬዚዳንት ፊደል ራሞስ ሕጉ በሙሉ በሥራ ላይ እንዲውል እንደገና ትእዛዝ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ሕጉ በሚገባ አልተፈጸመም የሚል ወሬ ደርሷቸው ነበርና። ሕግ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲል «ተፈጸም» ተብሎ ከታዘዘ አንድ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው።

የጎደለው ምን ይሆን? የመምህርነት ሙያ ያለው ሰው ለመገመት አይቸገርም። ሁለቱ ልብ ወለዶች ረጃጅም ናቸው፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ፈተናው ደርሷል። ስለዚህ በልብ ወለዱ ፈንታ ማጠቃለያው ይነበባል። የባለ ታሪኮቹ ስም በዝርዝር ይጠናል። ጀግናው ስንተኛ ልጅ ነበር? ስንት ቋንቋ ያውቅ ነበር? የት ተወለደ? የት ሞተ? እነዚህ ለማረም ቀላል፣ ለመመለስም ቀላል የሆኑ ጥያቄዎች ናቸው። እኛ ራሳችን በስድስተኛ ክፍል ሰሌዳ ላይ የጻፍናቸው ከነዚህ በምን ይለያሉ? በምንም!

መጽሐፍን በሁለት መንገድ መግደል ይቻላል። አንዱ ማገድ ነው። በሪዛል ላይ ተሞክሮ አልሠራም፤ እንዲያውም የታገደውን ሁሉ ሰው ፈለገው። ሁለተኛው ማሸምደድ ነው። ይኸኛው ድምፅ የለውም፤ ተቃዋሚም አይነሣበትም። የሚፈጸመውም በኛ በመምህራን እጅ ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሁለት ክፍሎች

ነገሩን የባሰ የሚያደርገው ሪዛል ይህንኑ ችግር ራሱ በመጽሐፎቹ ውስጥ መጻፉ ነው።

በ«ኖሊ» ውስጥ ስሙ ያልተጠቀሰ አንድ የመንደር መምህር አለ። ከአውሮፓ ለተመለሰው ወጣት ለኢባራ የደረሰበትን ያወጋዋል። የመማሪያ ክፍል የለውም። የሚያስተምረው በመነኩሴው ቤት ምድር ቤት፣ ከመነኩሴው ሠረገላ አጠገብ ነው። ልጆቹ ጮክ ብለው ሲያነቡ መነኩሴው ከላይ እየወረደ ይቆጣል። መምህሩ ልጆቹን ስፔንኛ ሊያስተምር ቢሞክር ይሳለቁበታል። አለንጋ አስቀርቶ በፍቅር ላስተምር ቢል መነኩሴውም ወላጆቹም «ያለ ዱላ ምን ትምህርት አለ!» ብለው ተነሡበት። በመጨረሻ አለንጋውን መልሶ አነሣ። ከዚያም በሐዘን ታመመ። ኢባራ ይህን ሰምቶ ለከተማዋ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ለመሥራት ይነሣል፤ የመሠረቱ ድንጋይ በሚጣልበት ቀን ግን ሊገደል ለጥቂት ይተርፋል። ወዳጆቻችን ሆይ፣ ነገ ወደ ገጠር የምንመደብ ሰዎች ይህን ምዕራፍ አንብበን «የሩቅ አገር ተረት ነው» ልንል እንችላለን? በአለንጋው ፈንታ ሌላ ነገር፣ በሠረገላው ፈንታ ሌላ ነገር አስገቡና አንብቡት።

በ«ፊሊ» ውስጥ ደግሞ የማኒላ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል አለ። መሣሪያዎቹ በመስተዋት ቁም ሣጥን ተቆልፎባቸው ያንጸባርቃሉ። እንግዳ ሲመጣ ይታያሉ፤ ተማሪ ግን አይነካቸውም። ከሁለት መቶ በላይ ተማሪዎች የመጽሐፉን ቃል እንደ በቀቀን ይደግማሉ። መምህሩ መነኩሴ የተረዳውን አይጠይቅም፤ የሳተውን ይይዛል፤ በስም መጥራቱ ላይ ቀሪ እያለ ያስፈራራል። ፕላሲዶ የተባለው ተማሪ ስድቡ ሲበዛበት መልስ ሰጥቶ ክፍሉን ጥሎ ይወጣል፤ ትምህርቱንም ይተዋል።

አሁን ጉዱን እዩት። ይህን ምዕራፍ የሚያስተምር መምህር ተማሪዎቹን «በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሰው ተማሪ ስም ማን ነው? መምህሩስ?» ብሎ ጠይቆ፣ ሸምድደው ሲመልሱ ትክክል ብሎ ምልክት ቢያደርግ ምን ሊባል ነው? ያን ጊዜ ሪዛል ራሱ በመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። እንግዳ ሲመጣ ይታያል፤ ተማሪ ግን አይነካውም። የመጽሐፉ ርእስ «አትንኪኝ» መሆኑ እዚህ ላይ ደርሶ ቀልድ ይሆናል።

ከጀግና ጋር መከራከር

ወደዚያች ልጅ ጥያቄ እንመለስ። ጀግናው ተሳስቶ አያውቅም? የሪዛልን ነገር ስንመለከት ይህ ጥያቄ ከትምህርቱ መውጣት ሳይሆን የትምህርቱ ልብ ነው።

ካቲፑናኖች ለአመፅ ሲዘጋጁ በ1896 አጋማሽ አንድ ሐኪም ወደ ዳፒታን ልከው ሪዛልን አማክረውት ነበር። ጊዜው አልደረሰም ብሎ አልተስማማም። ታስሮ ሳለም ዲሴምበር 15 ቀን 1896 አመፁን የሚያወግዝ መግለጫ ጻፈ፤ አገዛዙ ግን አላወጣውም። በአሥራ አምስተኛው ቀን ያንኑ ሰው የአመፁ አነሣሽ ነህ ብለው ገደሉት። ታጋዮቹ ደግሞ ስሙን የይለፍ ቃል አድርገውት ነበር። እንግዲህ ሪዛል ትክክል ነበር ወይስ ቦኒፋሲዮ? ሰው በጨካኝ አገዛዝ ሥር ሲኖር ትምህርት ይቅደም ወይስ ትግል? ይህን በአንድ ቃል መልስ ባዶ ቦታ ሙላ ብሎ መጠየቅ አይቻልም።

በ1969 ሬናቶ ኮንስታንቲኖ የተባሉ ፊሊፒናዊ የታሪክ ጸሐፊ «ያለ መረዳት ማክበር» በሚል ርእስ ባቀረቡት ንግግር አገራቸውን አስደነገጡ። ሪዛል አብዮቱን ያወገዘ ሰው ሆኖ ሳለ ከሁሉ በላይ ጀግና እንዲሆን የረዱት አሜሪካኖች ናቸው፤ ለገዢ የማያሰጋ ጀግና ስለሆነላቸው ነው ሲሉ ተከራከሩ። በእርግጥም አሜሪካኖች በ1898 አገሪቱን ከስፔን ከተረከቡ በኋላ ስሙን አንግሠውታል፤ በ1901 አንድ ክፍለ ሀገር በስሙ ሰይመውለታል። ይሁንና በሌላ በኩል አሜሪካኖች ሥልጣናቸውን ከማደላደላቸው በፊት፣ በዲሴምበር 1898፣ የአብዮቱ መሪ ኤሚሊዮ አጊናልዶ ሪዛል የሞተበት ቀን የአገር ሐዘን ቀን እንዲሆን አውጀዋል። ከዚህ ላይ ሁለት ማስረጃ ፊት ለፊት ቆመዋል። ተማሪው ሚዛኑን ይያዝ!

በ1990 ደግሞ አምቤት ኦካምፖ የተባሉ የታሪክ ጸሐፊ «ሪዛል ያለ ካፖርቱ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። በየአደባባዩ የቆመው የሪዛል ሐውልት ብዙውን ጊዜ በዚያ ሙቅ አገር ካፖርት ለብሶ ይታያል። ጸሐፊው ካፖርቱን አውልቀው ሰውየውን ለማሳየት ሞከሩ።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥያቄ ሪዛልን አዋረደው ወይ? አላዋረደውም። ዛሬም በተገደለበት ሜዳ፣ በስሙ በተሰየመው መናፈሻ፣ ሐውልቱ ቆሟል። ዲሴምበር 30 ቀን ዛሬም ይከበራል። ጥያቄ የሚያፈርሰው ጀግና መጀመሪያውኑ በገለባ የተሠራ ነው። ስለዚህ «ጉድለቱ ከተነገረ ልጆች ይንቁታል» የምንለው ገሚሶቻችን፣ ከፊሊፒንስ ልምድ አኳያ፣ ሐሳባችንን እንደገና ልናይ ይገባል።

የቋንቋው ነገር

ዕጩ የቋንቋ መምህራን ሆይ፣ ለናንተም የሚሆን አለ። ሪዛል አፉን የፈታው በታጋሎግ ነው፤ ሁለቱን ልብ ወለዶች ግን የጻፈው በስፔንኛ ነው። ያን ጊዜ ስፔንኛ የሚያነብ ፊሊፒናዊ በጣም ጥቂት ነበር። ከዚያ አሜሪካኖች መጡ። በ1901 «ቶማስ» የተባለች መርከብ አምስት መቶ ያህል አሜሪካውያን መምህራንን ይዛ ማኒላ ደረሰች፤ የትምህርቱ ቋንቋም እንግሊዝኛ ሆነ። ልጅ ልጆች ሲያድጉ የጀግናቸውን መጽሐፍ በተጻፈበት ቋንቋ ማንበብ የማይችሉ ሆኑ። የ1956ቱ ሕግ ስለ ትርጉም አንቀጽ ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ትርጉም ወጥቷል፤ ትርጉም በበዛ ቁጥር ደግሞ «ሪዛል እንዲህ አለ» ስንል ማን እንዳለው መጠየቅ ይኖርብናል። አንዱን ገጽ በሁለት ትርጉም አስተያይቶ ማስነበብ ራሱ አንድ ትልቅ ትምህርት ነው።

በአንጻሩ ሪዛል ሆን ብሎ በታጋሎግ የጻፈው አንድ ደብዳቤ አለ። በ1888 በማሎሎስ ከተማ ሃያ ወጣት ሴቶች ስፔንኛ የሚማሩበት የማታ ትምህርት ቤት እንዲፈቀድላቸው ለገዢው ጄኔራል ማመልከቻ ሰጡ። የከተማው ቄስ ተቃወመ። ሴቶቹ ግን አልተመለሱም። ሪዛል ይህን ሰምቶ በ1889 ከሎንዶን ጻፈላቸው፤ በቋንቋቸው ጻፈላቸው። እንደኛ ሐሳብ ከሁለቱ ልብ ወለዶች በፊት ለልጆች መነበብ ያለበት ይህ ደብዳቤ ነው። አጭር ነው፤ ስለ ትምህርት ነው፤ ለእውነተኛ ሰዎች የተጻፈም ነው።

መምህሩ ሪዛል

ስለ ሰውየው ሲነገር ብዙ ጊዜ ሞቱ ይጎላል። ለኛ ለዕጩ መምህራን ግን የዳፒታኑ ግዞት ይበልጥብናል። በዚያ አራት ዓመት ውስጥ ሪዛል ሕመምተኛ አከመ፤ ለከተማዋ ውኃ በቦይ እንዲመጣ አደረገ፤ እንስሳትና ነፍሳት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ሙዚየም ላከ። ከላካቸው መካከል አንድ እንቁራሪት፣ አንድ ጥንዚዛና አንድ በራሪ እንሽላሊት በስሙ ተጠርተዋል። ከሁሉ በላይ ግን ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈተ። በጥቂት ልጆች ጀምሮ ሃያ ያህል ደረሱ። ክፍያ የለም፤ ልጆቹ በእርሻውና በግንባታው ያግዙታል። ቋንቋና ሒሳብ ያስተምራቸዋል፤ ጫካ ገብተው ዕፀዋትና ነፍሳት ይሰበስባሉ፤ ይዋኛሉ፤ ስፖርት ይሠራሉ። በከተማዋ አደባባይም የሚንዳናኦን ደሴት ካርታ በአፈርና በድንጋይ ከፍታና ዝቅታው እንዲታይ አድርጎ ሠራ።

«በፊሊ» የጻፈው የተቆለፈ ቁም ሣጥን እዚህ ተከፈተ ማለት ነው። ሰውየው የነቀፈውን ነገር በሥራ ለማረም ሞክሯል፤ ያውም በግዞት፣ ያለ በጀት!

ምን እናድርግ?

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ረቂቅ አንብበው «ወሬው መልካም ነው፤ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ስድሳና ሰባ ተማሪ ተቀምጦ፣ ለሦስት አንድ መጽሐፍ ባልደረሰበት፣ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ምን ንባብ አለ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ይህን ችግር ሸፍነን አንለፈው። መልሳችን ግን ይህ ነው። ሙሉ መጽሐፍ ማስነበብ ካልተቻለ አንድ ገጽ ይነበብ። አንዱን ገጽ በትልቅ ወረቀት ላይ በጉልህ ጽፎ መስቀል ይቻላል። ጮክ ብሎ አንድ ተማሪ ያነባል። ከዚያ በየወንበሩ ተነጋግረው ሦስት ነገር ይመልሱ፤ ጸሐፊው ምን አለ? ለምን አለ? እናንተስ ትስማማላችሁ? ሦስተኛው ጥያቄ ከተዘለለ የቀሩት ሁለቱ ተመልሰው ሽምደዳ ይሆናሉ።

የተቋማችን መምህራንንም በአክብሮት የምንጠይቀው አለ። ለልምምድ ስንወጣ የምንገመገምበት ቅጽ ላይ የሰሌዳ አጠቃቀም ነጥብ አለው፤ የድምፅ አወጣጥ ነጥብ አለው። ተማሪ ያልታሰበ ጥያቄ ሲጠይቅ መምህሩ እንዴት እንደተቀበለው ግን ነጥብ የለውም። ይህ ቢጨመር ለኛ ይከብደናል፤ ለልጆቹ ግን ይጠቅማል። ያን ዕለት ቢኖር ኖሮ ከዚያ ከጥሩው ነጥብ ላይ ሊቀነስብን ይገባ ነበር።

የፊሊፒንስ ሰዎች ጀግናቸውን በሕግ ወደ ክፍል አስገቡ። ሕጉ መጽሐፉን እስከ ቤተ መጻሕፍቱ በር ድረስ አደረሰው። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ፣ ከመደርደሪያው እስከ ልጁ አእምሮ ያለውን፣ የትኛውም ምክር ቤት ሊያዝዘው አይችልም። እሱ የመምህሩ ነው፤ የኛ ነው።

ያቺ ልጅ እስካሁን መልስ አላገኘችም። በሚቀጥለው ልምምድ እዚያው ትምህርት ቤት ከተመደብን የኛው ሰው ፈልጎ ሊያገኛትና «ጥያቄሽን ድገሚው» ሊላት ቃል ገብቷል። መልሱን አያውቀውም። አብረው ይፈልጉታል።

በዚህ አስተያየት የማይስማማ ሁሉ ጽፎ ከዚሁ ጎን ይለጥፍ። ቦታ ትተናል።